በሳጥኑ ውስጥ ያለው ፊት የእኔ ነው

አሥራ አንደኛ ወር፣ ቀን 4

እኔ ቶራጂ፣ የተዋናዩ የሚናሴ ሃንጂ ብቸኛ ልጅ፣ ዕድሜዬ አሥራ አራት፣ አእምሮዬ ጤነኛ፣ ኅሊናዬ ግን የቆሸሸ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን በደል በዚህ ደብተር ላይ እናዘዛለሁ፦ ዛሬ ጠዋት በገዛ ጭንቅላቴ ላይ ጢም ሥያለሁ።

ትከሻዬ ላይ ባለው አይደለም። ሳጥን ውስጥ በሚቀመጠው ላይ ነው።

በዚህ ወር የምናሳየው ካቡኪ፣ ወንዶች ብቻ የሚጫወቱት ቲያትር፣ «የበረዶው በር» ይባላል። ነጭ ባንዲራና ቀይ ባንዲራ የያዙ ሳሙራዮች የተላለቁበት የጥንት ጦርነት ነው። ነጮቹ ተሸንፈዋል። ቀዮቹ ደግሞ የነጮቹን ጌታ ልጅ የሃናዋካን ጭንቅላት አምጡ ይላሉ። የታማኙ አሽከር የጎሮዳዩ ልጅ አባቱ ሸኝቶት፣ የሃናዋካን ልብስ ለብሶ በረዶው ውስጥ ይወጣል፤ ይገደላል። ከዚያ ጭንቅላቱ ያለበትን ሳጥን ለራሱ ለጎሮዳዩ ያቀርቡለታል፤ የሃናዋካን መልክ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነዋ። ሲከፍተው የገዛ ልጁን ፊት ያያል። አንዲት እንባ ሳያወጣ «ያለ ጥርጥር የጌታዬ ልጅ ነው» ማለት አለበት። እዚህ ላይ መላው የኦሳካ ከተማ መሀረቡን ያወጣል።

ጎሮዳዩ አባዬ ነው። ልጁ እኔ ነኝ። የእንጨቱ ጭንቅላትም የተቀረጸው በእኔ ፊት ልክ ነው። ከተገደልኩ በኋላ እስከ መጨረሻው ድረስ ሥራ የለኝም፤ ሥራ የሌለው ሰው ደግሞ ቀለምና ብሩሽ አጠገብ መቀመጥ አልነበረበትም።

ሳጥኑ ሲከፈት ፊቱ ወደ አባዬ ነው የሚዞረው፤ ሕዝቡ አያየውም። አባዬ ክዳኑን አነሳ። የእኔን ፊት ከነጢሜ አየው። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከንፈሩን ነከሰ። ዓይኑ በእንባ ሞላ። «ያ... ለ... ጥርጥር...» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። ፎቅ ላይ ያሉት ሴቶች ተንሰቀሰቁ። አንድ ወታደር ቆቡን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት።

መምህር ቶጎሮ ከመድረክ ሲወርዱ አባዬን ትከሻውን ይዘው «ሃንጂ፣ ይሄን ትከሻ ሃያ ዓመት ሙሉ የት ደብቀኸው ነበር?» አሉት። መምህር ቶጎሮ የቡድናችን አለቃ ናቸው። ሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ሆዳቸው ከእሳቸው ቀድሞ ክፍል ይገባል፤ በመድረክ ላይ እናቴ ናቸው። በየቀኑ እቅፍ አድርገው ሲያለቅሱብኝ ያልተላጨው አገጫቸው ይወጋኛል።

አባዬ ቀለሙን ታጥቦ ሲጨርስ ስኳር ድንቹን ለሁለት ቆርሶ ትልቁን ሰጠኝ። ይሄ ከኩርኩም ይከፋል።

ጢሙን ወዲያው አጥቤዋለሁ።

አሥራ አንደኛ ወር፣ ቀን 7

በሁለት ትዕይንት መሃል።

ሱዙ ያስላል። ሱዙማሩ የመምህሩ ልጅ ነው፤ ስሙ የቤቱ ወራሽ የሚይዘው የመድረክ ስም ነው፤ ሃናዋካን የሚጫወተው እሱ ነው። እኩያዬ ነው። ሰው ፊት «ወጣቱ ጌታ» እለዋለሁ፤ ሰው ከሌለ እሱ «ጭንቅላቴ» ይለኛል፣ እኔ ደግሞ «አንተ የተረፍክ» እለዋለሁ። መሀረቡን እጅጌው ውስጥ ሲከት ቀይ ነገር አየሁበት። «የከንፈር ቀለም ነው» አለኝ። ሃናዋካ የከንፈር ቀለም ይቀባል። ስለዚህ የከንፈር ቀለም ነው።

ጋሼ ኡሄይ ዛሬም ተኙ። የቀዩ ባንዲራ ጄኔራል እሳቸው ናቸው። ሳጥኑ እስኪመጣ ሃያ ደቂቃ በርጩማ ላይ ተኮፍሰው መቀመጥ፣ ከዚያ «መርምር!» ማለት ብቻ ነው ሥራቸው። ሰባ ሁለት ዓመት የኖረ ሰው ሃያ ደቂቃ ከተቀመጠ ምን ይሆናል? ማንኮራፋታቸው እስከ በሩ ተሰማ። አባዬ ክዳኑን ጓ! አድርጎ አስቀመጠው። ጄኔራሉ ደንግጠው «መርምር!» ሲሉ የላይኛው ጥርሳቸው ሊያመልጣቸው ነበር። ሕዝቡ አስፈሪ ጄኔራል ነው አለ።

ደወል ተደወለ። ልሞት ሄድኩ።

አሥራ አንደኛ ወር፣ ቀን 10

ሱዙ ወደቀ። በተመልካቹ መሃል በሚያልፈው የአበባ መንገድ ላይ። አባዬ የድርሰቱ ክፍል አስመስሎ አቅፎ ይዞት ወጣ።

ሐኪሙ ሲመጣ ሁላችንንም አስወጡን። መምህር ቶጎሮ በሴት ዊጋቸው፣ ነጭ በተቀባ ፊታቸው ወደ እኔ መጡ።

«ቶራጂ፣ የሃናዋካን ቃል ታውቀዋለህ?»

«የሃናዋካን? የሁሉንም አውቃለሁ መምህር። የጋሼ ኡሄይን ማንኮራፋት እንኳ ከነዜማው አውቀዋለሁ።»

አልሳቁም። «ለሦስት ቀን ነው» አሉ።

ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው። አላውቅም ብል ምን ነበረበት? ጉራዬ ነው እኮ።

አሥራ አንደኛ ወር፣ ቀን 12

ሃናዋካ ሆንኩ። ተበላሸ። ወይም አልተበላሸም። እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

የእኔን ቦታ ለሻይ አቅራቢው ልጅ ሰጡት፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ስቅታ ይዞት ሊሞት ወጣ። የእንጨቱን ጭንቅላት ለመቀየር ጊዜ ስላልነበረ ሳጥኑ ውስጥ ያለው አሁንም የእኔ ፊት ነው። ማለትም አባዬ የሻይ አቅራቢውን ልጅ ለሞት ይሸኛል፣ የእኔን ጭንቅላት ይቀበላል፣ እኔ ደግሞ ከኋላው፣ ከጄኔራሉ ተደብቄ፣ በወርቅ ክር ልብስ ተቀምጬ አየዋለሁ። ማንም ቅር ያለው የለም።

ስህተቱ ከዚያ በፊት ነው። ጎሮዳዩ ልጁን ከሸኘ በኋላ ዞሮ ሃናዋካ ፊት ግንባሩን መሬት ያስነካል። ጌታ የሆነ ሰው ከአሽከሩ ራስ በላይ ወደ ሩቅ ነው የሚያየው። ሱዙ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። እኔስ? አባዬ ወለሉ ላይ ድፍት ሲል አየሁና መልሼ ሰገድኩለት። እስከ መሬት። ምን ላድርግ፣ አባቴ እኮ ነው! ከተወለድኩ ጀምሮ አጎንብሶልኝ አያውቅም።

ቲያትር ቤቱ ጭጭ አለ። ጌታ ለአሽከር ሲሰግድ ታይቶ አይታወቅም። አባዬ ቀና ሲል እኔን ድፍት እንዳልኩ አየኝ፤ ቀጣዩን ቃሉን ረሳው። ሃያ ዓመት አንድ ቃል ረስቶ የማያውቀው ሰውዬ። ከዚያ ፎቅ ላይ አንድ ሰው ጮክ ብሎ አለቀሰ፤ ከዚያ ሁሉም።

ጆሮዬን አዘጋጅቼ ወረድኩ፤ ይጎተታል ብዬ። መምህሩ ግን አፈጠጡብኝ።

«ማን አስተማረህ?»

«ማንም መምህር። ተሳስቼ ነው። ይቅርታ።»

«ከነገ ጀምሮ በየቀኑ ተሳሳት» አሉ።

ሲያልፉ ጋሼ ኡሄይ ለመምህሩ ባለቤት «ቁመታቸው እንኳ አንድ ነው እኮ እመቤቴ» ሲሉ ሰማሁ። እመቤቲቱ ልብሴን ከትከሻዬ እየገፈፉ ነበር። «ማሳጠርም አላስፈለገው» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለልብሱ።

አሥራ አንደኛ ወር፣ ቀን 16

ሦስቱ ቀን አልፏል። ማንም ምንም አላለም።

ሱዙን ሄጄ አየሁት። መስኮቱ ተከፍቶ ነው የሚተኛው፤ ሐኪሙ ነው ያዘዘው፤ ክፍሉ ከውጭ ይበርዳል። በር ላይ እንድቀመጥ ነገሩኝ። በሩ ላይ ተቀመጥኩ።

«ዓሣ እንደሚሸጥ ሰው ነው የምትቀመጠው አሉ» አለኝ።

«ማን ነገረህ?»

«እኔ ራሴ፣ ከመውደቄ በፊት ሁሉ አውቅ ነበር። ጉልበትህን ግጠም። እንደዛ አይደለም! እንደ ጌታ ግጠም። አሁን የቆመውን ሰው አትየው። ሻይ ሲሰጥህ አታመስግነው። ሻዩ በራሱ የመጣ ይመስል።»

«ይሄማ ባለጌነት ነው።»

«አዎ፣ ከባድ ነው፤ እኔ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል።»

ሳቅን። ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረበትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ የጣሪያውን እንጨት ቆጠርኩ። አሥራ ስምንት ነው። ሲያበቃ ፊቱን ሳይመልስ «እናቴ ትናንት ስላንተ ጠየቀችኝ» አለ። «ጠባይህ እንዴት ነው ብላ። ቁጡ ነህ ወይ፣ ሌሊት ትሸናለህ ወይ።»

«ምን አልካት?»

«ትሸናለህ አልኳት። በደንብ አድርገህ።»

«ተባረክ።»

ምን አስቦ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። እሱም አልነገረኝም። ሱዙ ሁልጊዜ ቀልደኛ ነው።

አሥራ አንደኛ ወር፣ ቀን 20

ጋዜጣው «የወጣቱ ጌታ ስግደት» ብሎ ጽፏል። ስሜን አላወጣም። ስለ አባዬም ጽፏል፤ ትከሻው እንደዚያ ሲንቀጠቀጥ ማየት ለብቻው ቲያትር ቤት ያስኬዳል ይላል። አሁንም በየቀኑ ይንቀጠቀጣል። ከኋላ ስለምቀመጥ በደንብ ይታየኛል።

ጢሙን ካጠብኩት አሥራ ስድስት ቀን ሆኖታል።

አሥራ አንደኛ ወር፣ ቀን 23

አባዬ ዛሬ የቤተሰብ ምልክት ያለበትን ጥቁር ካባውን ለብሶ ወደ መምህሩ ቤት ተጠራ። ሰው ካልሞተ ወይም ካላገባ የማይለብሰው ካባ ነው። «ማን ሞተ?» አልኩት። «ማንም» አለ። «ማን አገባ?» አልኩት። «ሂድ ታጠብ» አለኝ።

መታጠቢያ ቤት ሄድኩ እንበል። በእውነቱ ግን ከመምህሩ ፎቅ ክፍል ተንሸራታች በር ጀርባ ነበርኩ።

ለደስታ ቀን የሚቀርበው የቀይ ዓሣ ጥብስ ቀርቧል። ማንም አልነካውም። መምህሩ ብዙ አወሩ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር፤ በመድረክ እናቴ ሲሆኑ የሚያወጡት ድምፅ ሳይሆን እውነተኛው፣ ጎርናናው። የሰማሁት ቁርጥራጩን ነው፦ «ሐኪሙ ከእንግዲህ የመድረክ ቀለም ፊቱን አይነካው...»፣ «ስሙ ያለ ሰው ሊቀር...»፣ «አንድ ልጅህ እንደሆነ አውቃለሁ ሃንጂ፤ አውቃለሁ።»

አባዬ አንድ ቃል ብቻ ነበር ያለው። ግንባሩ ሰሌኑ ላይ ስለነበር ታፍኖ ነው የወጣው።

«እንዳሉት።»

ስለ አዲስ ዓመቱ ድርሰት ይሆናል። ለአዲስ ዓመት ሁልጊዜ አስቀድመው ይመካከራሉ።

ቤት ስመለስ እማዬ የእኔን አሮጌ ኪሞኖ ስፌት ትተረትር ነበር። ቀዳዳ የለውም፤ ጠቦኛልም አላልኩም። «ምን እያደረግሽ ነው?» «እጄ ሥራ ሲፈታ አልወድም» አለችኝ። ኮሌታው ውስጥ ስሜን የሰፋችበትን ጨርቅ ነበር የምታወጣው። አውጥታ እጅጌዋ ውስጥ ከተተችው።

አሥራ አንደኛ ወር፣ ቀን 25

የመጨረሻው ቀን። ሰገድኩ። ሳጥኑ ተከፈተ። አባዬ «ያለ ጥርጥር የጌታዬ ልጅ ነው» አለ። ዛሬ ድምፁ አልተሰበረም። ቀጥ ብሎ ወጣ። ጋሼ ኡሄይ እንኳ አልተኙም።

ሌላ መጻፍ አልችልም።

አሥራ ሁለተኛ ወር፣ ቀን 2

ሱዙ በባቡር ሄደ። ባሕሩ ዳር ያለ የሳንባ ሆስፒታል ነው። ጣቢያው ድረስ እንድሸኘው ተፈቀደልኝ፤ ሁለት ክንድ ርቄ።

«አየሩ ጥሩ ነው አሉ» አለኝ በመስኮቱ። «ዓሣ አለ። ዓሣ እየሸጡ የሚቀመጡ ሰዎችም አሉ። አንተን አስታውሳለሁ።»

«መቼ ትመለሳለህ?»

«ማን ነው የሚመለሰው? ስሙን እኮ ሰጥቻለሁ። ከትናንት ጀምሮ የሕፃንነት ስሜን ነው የሚጠሩኝ፤ ዮሺሮ። ሐኪሙ ዮሺሮ ሲለኝ ዞሬ ሌላ በሽተኛ ፈለግሁ።» ሊስቅ ሞከረ። «ጠይቀውኛል ግን። አባቴ ሰሌኑ ላይ ተንበርክኮ ነው የጠየቀኝ። ምን እለዋለሁ? አንተ ብትሆን ምን ትለው ነበር?»

ባቡሩ ጮኸ። ምን እንደምመልስለት እያሰብኩ ሳለሁ ሄደ። እስካሁን እያሰብኩ ነው።

አሥራ ሁለተኛ ወር፣ ቀን 6

ጠየቅሁት። በቀጥታ። የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፤ ራቁቱን የሆነ ሰው አይዋሽም ብዬ። አባዬ ጀርባዬን እያሸልኝ ነበር።

«እምቢ ማለት ትችል ነበር?»

«ክንድህን አንሳ።»

«አባዬ፣ እምቢ ማለት ትችል ነበር ወይ?»

«ሌላኛውን።»

«ስለምሸና አይፈልጉኝም ብዬ ነበር።»

ይሄን ሲሰማ ጨርቁ ጀርባዬ ላይ ቆመ። የሳቀ መስሎኝ ነበር። ዞሬ ላየው ስል በመዳፉ ጭንቅላቴን ወደ ፊት መለሰው።

«ስማኝ» አለ። «እኔ ከቤቱ ዘር ያልሆነ የተማሪ ልጅ ነኝ። አንተ የተማሪ ልጅ ልጅ ነህ። በዚህ ቤት የእኛ ሰው አሽከር ሆኖ ይገባል፣ አሽከር ሆኖ ይሞታል። ጎሮዳዩ ለእኔ የመጨረሻው ነው፤ ከዚህ በላይ የለም። አንተ ያን ቀን ስትሰግድ አይቼሃለሁ። እኔ እንደዛ መስገድ አልችልም። መምህሩም አይችሉም። የእኔ ልጅ ሆነህ ብትቀር ግን ሳጥን ውስጥ ያለው ጭንቅላት ነው የምትሆነው። ገባህ?»

«ጭንቅላት መሆን እወዳለሁ።»

«አውቃለሁ» አለ።

ከዚያ አንድ ባልዲ ሙቅ ውሃ በራሴ ላይ ደፋብኝ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ሳሙናው ከለቀቀ ቆይቷል። እሱ ግን መድፋቱን አላቆመም። እኔም አቁም አላልኩትም፤ ውሃ ሲወርድብህ ፊትህ ለምን እንደረጠበ ማንም አይጠይቅህም።

ያን ቀን ባልሳሳት ኖሮ! ከራሱ በላይ ባይ፣ ሩቅ ባይ፣ ሱዙ እንደሚያደርገው! ቀላል ነገር እኮ ነው። የሻይ አቅራቢው ልጅ እንኳ ይችለው ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ወር፣ ቀን 13

የመምህሩ ልጅና የሱዙማሩ ስም ወራሽ የሚያደርገኝን ጽዋ ተቀያየርን። በመድረክ እናቴ የነበሩት ሰውዬ ከዛሬ ጀምሮ አባቴ ናቸው። ይሄን ለጋሼ ኡሄይ ስነግራቸው «የኔ ልጅ፣ እኔ በዚህ ቤት የሞተች አክስትህም ሆኜ አውቃለሁ፤ ዝም ብለህ ጠጣ» አሉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁላቸው። ከዚያ እሳቸው ናቸው ያለቀሱት፤ ሽማግሌ አይታመንም።

እማዬ ከግድግዳው ጋር ተቀመጠች። አባዬም። ከእንግዶቹ ሁሉ ኋላ።

እመቤቲቱ ደንቡን ነገሩኝ። ተማሪን በዝምድና ስም አልጠራም፤ አባዬንም «ሃንጂ» ነው የምለው፣ በባዶው። እሱ «ወጣቱ ጌታ» ይለኛል፣ «እርስዎ» ይለኛል። ቲያትር ቤት ውስጥ ብቻ ነው ወይ አልኳቸው። «ሁሉም ቦታ» አሉ። ጸጉሬን ወደ ኋላ እየመለሱልኝ ነበር። «ለእኔም ቀላል እንዳይመስልህ» አሉ።

አሥራ ሁለተኛ ወር፣ ቀን 19

በአዲሱ ቤት። የምተኛው በሱዙ ክፍል ነው። ጣሪያው አሥራ ስምንት እንጨት።

መምህሩ ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። ዛሬ በማር የተለወሰ የባቄላ ኬክ ይዘውልኝ መጡና «ይሄን በጣም ትወደው ነበር» አሉኝ። እኔ ቀምሼው አላውቅም። ከዚያ በላሁት፤ «አዎ፣ በጣም እወደዋለሁ» አልኳቸው። ሆዳቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሱ፤ ሲወጡ በሩን ሳቱትና ግድግዳውን ገፉት።

ማንንም መቆጣት አልቻልኩም። ይሄ ነው የሚያናድደኝ።

አሥራ ሁለተኛ ወር፣ ቀን 27

ዕቃ ቤት። ከመደርደሪያው ጀርባ። እርሳሴ ደንዝዟል።

ዛሬ የአዲስ ዓመቱ ልምምድ ይጀመራል። ከዚያ በፊት የቡድኑ ሰው ሁሉ በየማዕረጉ ተሰልፎ፣ አንድ በአንድ እየተንበረከከ ለአዲሱ ሱዙማሩ «እንኳን ደስ አለዎ» ይላል። አባዬ ከፊት አራተኛ ነው። ከጋሼ ኡሄይ ቀጥሎ። ሰልፉን ሳየው እግሬ ወደዚህ አመጣኝ።

እየፈለጉኝ ነው። ጋሼ ኡሄይ ያለ ጥርስ «ሹዙማሩ ጌታ!» እያሉ አለፉ። አልመለስኩም። እመቤቲቱ አለፉ። አልመለስኩም። ስሜ ስላልሆነ ዝም ብል ውሸት አይሆንም።

ሁሉም ሄደዋል። አንድ ሰው ግን ቀርቷል። እርምጃውን አወቅሁት። ወዲያ ወዲህ አይልም፤ በቀጥታ ወደዚህ ነው የመጣው፤ ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ የት እንደምደበቅ የሚያውቅ ሰው ነው። ከመደርደሪያው ማዶ ቆሟል። በሥር በኩል እግሩ ይታየኛል፤ ነጭ ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተጥፏል፤ የእማዬ ስፌት ነው። እሱም የእኔን እግር ሳያይ አይቀርም።

እስካሁን አልጠራኝም።

እኔና እሱ ብቻ ነን። ማንም አይሰማም። አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብሎም ቢሆን፣ ቶራጂ ቢለኝ ወዲያው እወጣለሁ፤ ሰልፉንም እቀበላለሁ፤ ሁለተኛ አላስቸግርም፣ ሁለተኛ አልደበቅም። አንድ ጊዜ ብቻ።

ተንበረከከ። ጉልበቱ ሲንቋቋ ሰማሁት። ትንፋሹን ሳበ።

«ሱዙማሩ ጌታዬ» አለ። «እየጠበቁዎት ነው።»